ራስ እምሩን ከቆቦ ሆኖ ማንበብ

በመኝታ ቤቶቻችን ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞሩት መጻሕፍት አንዱ የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው» ነው። ጸሐፊው ካረፉ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ያሳተመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው። ስለ መጽሐፉ ክርክር በተነሣ ቁጥር ታዲያ መዝጊያው አንድ ነው። «እሳቸው እኮ ደግ መስፍን ነበሩ፤ መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው የሰጡ!» ይባልና ሁሉም ዝም ይላል። እኛ ከቆቦና ከራያ ቆላ የመጣን ተማሪዎች ግን እዚህ ላይ ዝም ማለት አልሆነልንም። ምክንያታችንን እንናገር።

በመጀመሪያ የሚገባቸውን አንንፈጋቸው። ራስ እምሩ በ1885 ዓ.ም. ተወልደው በራስ መኮንን ቤት ከተፈሪ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። ወሎንና ጎጃምን ገዝተዋል፤ በ1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር ተዋግተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላም በምዕራብ በኩል ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሲታገሉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ። ሰባት ዓመት ያህል ኢጣሊያ ታሠሩ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ፣ በሕንድና በሶቭየት ኅብረት አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። በጉልተኛ ቤት አድገው ለጭሰኛ ያሰቡ ናቸውና «ቀዩ ራስ» መባላቸው ያለ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ መስፍን በዘመኑ በጣት የሚቆጠር ነው።

ጥያቄያችን ከአነባበባችን ላይ ነው። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ሐቀኛ ነው፤ ያዩትንና የሚያስታውሱትን እንጽፋለን አሉ እንጂ ሁሉን እናውቃለን አላሉም። እኛ አንባቢዎች ግን አንድ ሰው ያየውን አገር ሙሉ እንዳየው አድርገን እንወስዳለን። ራስ እምሩ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የወሎ ገዢ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ራያና አዘቦ አምፆ ነበር፤ ከዚሁ አመፅ ጋር ተያይዞ የመጣው የራስ ጉግሳ ወሌ ጉዳይም በመጋቢት 1922 አንቺም ላይ በጦርነት አለቀ። ከደሴ ወንበር ላይ ቁልቁል የሚታየው ቆቦና ከቆቦ ሽቅብ የሚታየው ደሴ አንድ አገር አይመስልም። ከዞብል ተራራ ግርጌ ጎርፍ ጠልፎ ማሽላ የሚያበቅለው ገበሬም ያየውና የሚያስታውሰው አለው። ልዩነቱ እሱ ብዕር አለመያዙ ነው።

አሁን ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በ1935 ዓ.ም. የተነሣው የወያኔ አመፅ በመሣሪያ ኃይል፣ በእንግሊዝ አውሮፕላን ጭምር፣ ከተመታ በኋላ የራያና የአዘቦ መሬት ለቅጣት ተወርሶ ለመንግሥት ታማኞች ተሰጠ። ይህ የሆነው ራስ እምሩ ከኢጣሊያ እሥር በወጡበት ሰሞን ነው። በአንድ ወገን አንድ መስፍን ከርኅራኄ የተነሣ መሬቱን ለጭሰኛ ይሰጣል፤ በሌላ ወገን መንግሥት ከቁጣ የተነሣ የገበሬን መሬት ይነጥቃል። የመጀመሪያውን እናወድሳለን፣ ሁለተኛውን እንረግማለን፤ ልክ ነው። ግን ሁለቱንም ያስቻለው ሕግ አንድ አይደለም ወይ? ገበሬው በመጀመሪያውም በሁለተኛውም አልተጠየቀም። በቸርነት የተገኘ መሬት ቸሩ ሰው ሲያልፍ ወይም ጌታው ሲቆጣ ምን ዋስትና አለው?

ነገሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። በሕንድ በ1943 ዓ.ም. ቪኖባ ባቬ የሚባሉ የጋንዲ ተከታይ ከመንደር መንደር በእግራቸው እየዞሩ ባለመሬቶችን ለድኻው መሬት ስጡ እያሉ ይለምኑ ጀመር። ብዙ መሬት ተቃለለት፤ ዓለምም ተደነቀ። ቆይቶ ሲታይ ግን ከተሰጠው ብዙው ለእርሻ የማይሆን ጠፍ ሆነ፣ ብዙውም ከነጭራሹ ለድኻው ሳይደርስ ቀረ። ራስ እምሩ አምባሳደር ሆነው ኒው ዴልሂ የተቀመጡት ኔህሩ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት፣ አገሪቱም የመሬት ጉዳይ በስጦታ ይፈታ ወይስ በሕግ እያለች በምትከራከርበት ዘመን ነበር።

በታኅሣሥ 1953 የመንግሥት ግልበጣ ያደረጉት ሰዎች ራስ እምሩን ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ሾሙ። ግልበጣው በጥቂት ቀን ከሸፈ። እኛን የሚገርመን ግን ምርጫው ነው። ሥርዓቱን እንለውጥ ብለው የተነሡትም መጀመሪያ የፈለጉት ደግ ራስ ነበር! እኛስ ዛሬ ከዚያ ተሽለናል? «ጥሩ ሰው ቢመጣ» እያልን የምናወራው በየሻይ ቤቱ አይደለም ወይ?

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የታወጀ ዕለት ጭሰኝነት በሕግ ቀረ። አዋጁ የራሱ ጣጣ ነበረበት፤ መሬቱን ከጌታ አውጥቶ ለመንግሥት አስረከበው፤ ገበሬው አሁንም «የኔ» ብሎ በሙሉ አፉ የማይናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። ቢሆንም አንድ ቁም ነገር አስተማረን፤ የብዙ ደጋግ መሳፍንት ዕድሜ ያላደረገውን አንድ ሕግ በአንድ ቀን አደረገው። ራስ እምሩም በ1972 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት ይህን ለማየት በቅተዋል።

እንግዲህ መጽሐፉን አንብቡት እንላለን፤ ጥሩ መጽሐፍ ነው። ስታነቡ ግን የሰጠውን እጅ ብቻ አትዩ፤ የሚቀበለውም እጅ ለምን ባዶ እንደነበረ ጠይቁ። እኛም ለክረምቱ ወደ ቆቦ ስንገባ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን አያቶቻችን ዘንድ እንቀመጣለን። እነሱም ያዩት፣ የሚያስታውሱትም አለ። ያገኘነውን ለዚሁ መጽሔት እናመጣለን፤ የምትቃወሙን ካላችሁም ጻፉልን።