ቤትን ይዞ ጠረፍ ለጠረፍ

ባልና ሚስት አልጋቸውንና ምድጃቸውን በአንድ መኪና ጭነው የፈረንሳይን ጠረፍ ሲከተሉ ማየት ያስቀናል። ፈረንሳዮች «ካምፒንግ ካር» የሚሉት ይህ ተሽከርካሪ ክብደቱ ከ3.5 ቶን ካላለፈ በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል። ጉዞውን ያሳመረው ግን የአገሩ ልማድ ነው፤ ብዙ የባሕር ዳር ከተሞችና መንደሮች ለእነዚህ መኪኖች ማደሪያ አዘጋጅተዋል። እዚያ ንጹሕ ውኃ ይቀዳል፣ ያገለገለው ይደፋል፤ ክፍያውም ከሆቴል ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ መንገደኞቹን የሚያጣድፋቸው የለም። ካንካል በምትባል ከተማ ኦይስተር የሚባለውን ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ ከአርቢዎቹ ገዝተው እዚያው ባሕሩ ዳር ይበላሉ። ሞን ሳን ሚሼል ከምትባለው ደሴት ሲደርሱ በሙላትና በጉድለት መካከል እስከ 14 ሜትር ገደማ የሚለዋወጠውን ባሕር ቆመው ያያሉ። ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ አርካሾን አጠገብ፣ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የፒላ የአሸዋ ክምር ይጠብቃቸዋል።

ዝናብ ሲውል የመኪናዋ ክፍል ትጠባለች፤ ለመኩራረፍ እንኳ ቦታ የላትም። መታረቁ ይቀላል። ሰፈሩ ካልተመቻቸው ሞተር ማስነሳት ነው፤ ከወደዱት ደግሞ አንድ ሌሊት ይጨምራሉ።