«ማስመሰያ» ወይስ «ይለፍ»? ስለ አንድ የኮምፒዩተር ስያሜ አተረጓጐም

በቅርቡ ለእርማት በቀረበልኝ አንድ የትርጉም ረቂቅ ውስጥ፣ «የደንበኛው ቤተ መጻሕፍት የመዳረሻ ማስመሰያውን ያመጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል። ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው፤ ሰዋስዉም አልተጣሰም። ሆኖም ነገሩን አስቀድሞ በእንግሊዝኛ ያላወቀ አንባቢ ከዚህ ዐረፍተ ነገር አንዳች ቁም ነገር ሊጨብጥ አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስሕተቱ ከምን እንደ መነጨ መርምሮ አማራጭ ማመልከት ነው።

ስያሜን ከመተቸት በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። «ኦአውዝ» የተባለው ሥርዐት መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ፤ ሁለተኛው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2012 አር.ኤፍ.ሲ. 6749 በሚል ቁጥር በኢንተርኔት ደንቦች ተከታታይ ሰነድ ውስጥ ታተመ። የተፈጠረበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቀድሞ አንድ ሰው በአንዱ አገልግሎት ያስቀመጣቸውን ፎቶግራፎች ሌላ ፕሮግራም እንዲያትምለት ሲፈልግ፣ የይለፍ ቃሉን ለዚያ ፕሮግራም አሳልፎ ይሰጥ ነበር። ፕሮግራሙም በፎቶግራፎቹ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ በዚያ አገልግሎት ባለው ነገር ሁሉ ላይ ያዝዝ ነበር፤ ባለቤቱ ፈቃዱን ለመሻር ቢፈልግ የይለፍ ቃሉን ከመለወጥ በቀር መንገድ አልነበረውም። በአዲሱ ሥርዐት ግን ባለቤቱ ማንነቱን የሚያስረዳው ለፈቃድ ሰጪው ሰርቨር ብቻ ነው፤ ለፕሮግራሙ የሚሰጠው ወሰኑና ዘመኑ የተቆረጠ የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። በእንግሊዝኛ «አክሰስ ቶክን» የተባለው ይኸው ነው።

ዛሬ ፕሮግራም ጸሐፊው ይህን ሁሉ በእጁ እንዲሠራ አይገደድም። ለዚሁ የተዘጋጀ ላይብረሪ ጥያቄውን ያቀናብራል፤ የፈቃድ ኮዱን በቶክን ይለውጣል፤ ቶክኑን ያስቀምጣል፤ ዘመኑ ሲያበቃም ያሳድሳል። ጸሐፊው የሚጽፈው «ቶክን አምጣ» የምትል አጭር ትእዛዝ ናት። እንግዲህ ሥራው ከዐይን ከተሰወረ ዘንድ ለአንባቢው የሚቀርለት ማብራሪያ ስሙ ብቻ ነው። ስሙ ከሳተ የሚያቃናው ሌላ ነገር የለም።

ወደ ረቂቁ እንመለስ። «ማስመሰል» ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ማሳየት ነው፤ «ማስመሰያ» ስንል አንባቢው የሚረዳው የማታለያ መሣሪያ ነው። ከማታለል ለመጠበቅ የተሠራውን ነገር በማታለያ ስም መጥራት ትርጉሙን መገልበጥ ነው። «መዳረሻ» የጉዞ መጨረሻ እንጂ የመግባት ወይም የመጠቀም መብት አይደለም። «ደንበኛ» የሚባለው ገበያተኛ ሰው ነው፤ በዚህ ሥርዐት «ክላየንት» የተባለው ግን በባለቤቱ ፈቃድ የሚሠራው ፕሮግራም ነው።

ጉዳቱ ከቃል አልፎ ወደ ተግባር ይደርሳል። ረቂቁ ዝቅ ብሎ፣ «ማስመሰያው ሲያረጅ የይለፍ ቃሉን ለደንበኛው ይስጡ» ይላል። ምንጩ የሚያዝዘው ግን «ሪፍሬሽ ቶክን» በተባለው ሁለተኛ ቶክን ማሳደስን ነው። ተርጓሚው ሁለቱን ስላልለየ፣ ሥርዐቱ ሊያስቀረው የተነሣውን ድርጊት ራሱን አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 9700 ፕሮግራሙ የባለቤቱን የይለፍ ቃል ተቀብሎ ቶክን ማውጣቱን ፈጽሞ እንደሚከለክል ልብ ይሏል።

አማርኛ ለነገሩ ባዳ አይደለም። በሌላው ስም መሥራትን «ውክልና» እንላለን፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ጠቅላላውን ውክልና ከልዩ ውክልና ይለያል። ስለዚህ «ክላየንት» «ወኪል ፕሮግራም»፣ «ስኮፕ» ደግሞ «የሥልጣን ወሰን» ቢባል ነገሩ ይገለጣል። መንገደኛ በኬላ የሚያሳየው፣ ባለሥልጣን ቈርጦ የሚሰጠው ወረቀት «ይለፍ» ስለ ሆነ፣ «አክሰስ ቶክን»ን «የመግቢያ ይለፍ» ማለት ይቻላል። ፈቃድና መታወቂያ ማሳደስ የዘወትር አነጋገር በመሆኑም ሁለተኛው «ማሳደሻ ይለፍ» ይሁን። በአር.ኤፍ.ሲ. 6750 «ቤረር» የተባለውን «የአምጪ ይለፍ» ብንለው፣ «ለአምጪው የሚከፈል» የተባለውን ቼክ የሚያውቅ ሰው ይለፉ በእጁ ለያዘው ሁሉ እንደሚሠራና በጥንቃቄ መጠበቅ እንዳለበት ወዲያው ይረዳል። «ላይብረሪ» ግን እንዳለ ቢቀር ይሻላል፤ «ቤተ መጻሕፍት» ሕንጻን እንጂ የኮድ ስብስብን አያስታውስም።

«ይለፍ» ከ«የይለፍ ቃል» ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። ነገር ግን አንዱ ባለቤቱ በልቡ የሚይዘው ቃል፣ ሌላው በሰጪው ሊሻር የሚችል ሰነድ ነው። ሁለቱ በአንድ ገጽ በሚገናኙበት ጊዜ የመጀመሪያውን «የምስጢር ቃል» ማለት ልዩነቱን ይጠብቃል።

እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩ፣ «ላይብረሪው ለወኪል ፕሮግራሙ የመግቢያ ይለፍ ያወጣለታል» ተብሎ ቢታረም፣ እንግሊዝኛ ያልተማረ አንባቢ እንኳ ማን ለማን ምን እንደ ሰጠ ይለያል። ለእያንዳንዱ የባዕድ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል መደርደር ትርጉም አይባልም፤ ተርጓሚው አስቀድሞ ሰጪውን፣ ተቀባዩንና የሚሰጠውን ነገር ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።