ፌስታል ሙሉ ፖስታ

በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ ባንክራፕሲ (ኪሳራ) ፋይል ሊያደርግ ጠበቃ ዘንድ ሲሄድ ላስተረጉምለት አብሬው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ፌስታል ሙሉ ፖስታ ዘረገፈ፤ አብዛኛው አልተከፈተም። «ከፍቼ ምን ላደርገው?» አለኝ። «አዝ ዊ ፎርጊቭ አወር ዴብተርስ» የተባለውን መጽሐፍ ሳነብ ያ ፌስታል ከዓይኔ አልጠፋም።

ቴሬሳ ሱሊቫን፣ ኤልዛቤት ዋረንና ጄይ ዌስትብሩክ መጽሐፉን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ርዕሱ ከአቡነ ዘበሰማያት የተወሰደ ነው፤ እኛ «በደል» የምንለውን አንዳንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም «ዕዳ» ይለዋል። በ1981 በኢሊኖይ፣ በፔንስልቬንያና በቴክሳስ የተከፈቱ የኪሳራ መዝገቦችን አገላበጡ። ዋረን በኋላ እንደተናገሩት፣ ሲጀምሩ ሐሳባቸው አጭበርባሪዎችን ማጋለጥ ነበር። ከመዝገቡ የወጡት ግን ሥራ ያላቸው፣ ብዙዎቹም ቤት የገዙ ሰዎች ናቸው። ዕዳቸው ቀበቶ በማጥበቅ የሚወጡት አልነበረም። ሰው ሕጉ ስለላላለት አስልቶ ይከስራል የሚለውን ክርክር እንዲህ በማስረጃ መፈተናቸው ትልቅ ውለታ ነው።

መዝገብ ግን እፍረትን አይመዘግብም። የወዳጄ ጭንቀት ባንኩ አልነበረም። ለመኪናው ብድር ወንድሙ ዋስ ሆኖ ፈርሞለታል፤ ከእህቱም ተበድሯል። ቻፕተር 7 የተባለው የኪሳራ ዓይነት ተበዳሪውን ነፃ ሲያወጣ ዋሱን አያወጣም። «እንግዲያው የእህቴን ቀድሜ ልክፈል» ቢል፣ ፋይል ከመደረጉ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ለቅርብ ዘመድ የተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ ሊደረግ እንደሚችል ጠበቃው ነገረው። ወዳጄ ዝም አለ። የዘመድን ብድር ከባንክ ብድር እኩል ማሰለፍ ለእኛ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መጽሐፍ አይገኝም። ደራሲዎቹ በ2000 ያወጡት «ዘ ፍራጃይል ሚድል ክላስ» የተበዳሪዎቹን ቃል ስለሚያሰማ ይህን ጉድለት በከፊል ይሞላል።

ለመመሪያነት ደግሞ የ1989ኙ መጽሐፍ አርጅቷል። የ2005ቱ የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ የገቢ ምዘናና የግዴታ የምክር ትምህርት ጨምሯል፤ የተማሪ ብድርም ዛሬ በቀላሉ አይሰረዝም። ሆኖም ዋናው ነገር አልተለወጠም፦ ፋይል ሲደረግ ዕዳ ሰብሳቢዎች መደወልም ደመወዝ መያዝም ማቆም አለባቸው።

ወዳጄ ፋይል ባደረገ በሳምንቱ ቡና ስንጠጣ ስልኩ ጠራ። ቁጥሩን ሳያይ አነሳው። እህቱ ነበረች።