ድመቱን ባያዩ ሰውየውን ባላዩት ነበር

ውድ አንባቢ፣ ስለ ድመት በተጻፈ መጽሐፍ ላይ ሂስ ላቀርብልዎ ነው ብል ገጹን ገልብጠው ያልፉ ይሆናል። አይፈረድብዎትም። እኛ ቤት ድመት የሚያዘው ለአይጥ ነው፤ ስሙም ከ«ውሮ» አያልፍም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እያለ የሚተርት ሕዝብ ለድመት ብዙ ከበሬታ አለው አይባልም። እኔም መጽሐፉን ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩት እምቢ ማለት ይሉኝታ ይዞኝ ነበር። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ከዚያም ፊልሙን ፈልጌ አየሁት። ብዕር ያነሣሁት ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስተያያቸው አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው።

መጽሐፉ ጄምስ ቦወን የተባለ እንግሊዛዊ፣ ጋሪ ጄንኪንስ ከሚባል ጸሐፊ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው «ቦብ የተባለው የጎዳና ድመት» ነው። ታሪኩ የራሱ የቦወን ነው። ለንደን ጎዳና ላይ ያደረ፣ ከሄሮይን ሱስ በሜታዶን ለመላቀቅ የሚታገል፣ ኮቨንት ጋርደን አካባቢ ጊታር እየተጫወተ ከአላፊ አግዳሚው ሳንቲም የሚለቅም ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ጸደይ፣ ቶተንሃም በሚኖርበት ሕንፃ መተላለፊያ ላይ አንድ ብርቱካንማ ድመት እግሩ ቆስሎ ተኮራምቶ ያገኛል። ባለቤት ያፈላልጋል፤ ባለቤት የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ለእኔ የመጽሐፉ ምርጡ ነው፤ እዚያ የሚፈጸመው ግን ትንሽ ነገር ነው። ቦወን ድመቱን የእንስሳት በጎ አድራጎት ማኅበር ክሊኒክ ይወስደዋል፤ ለእሱ አቅም ብዙ የሆነ ገንዘብ ለመድኃኒት ይከፍላል፤ ከዚያም ለሁለት ሳምንት ኪኒኑን በሰዓቱ ይሰጠዋል። ልብ ይበሉ፤ ይህ የገዛ ሕይወቱን በሰዓት መምራት ያቃተው ሰው ነው። እዚህ ባለንበት አገር «እኔ አዳንኩት ወይስ እሱ አዳነኝ?» የሚል ጽሑፍ በየመኪናው ኋላ ተለጥፎ ያያሉ። አባባሉ ጣፋጭ ነው፤ ግን ብዙ አያስረዳም። መጽሐፉ የሚያሳየው ሌላ ነው። ድመቱ ማንንም አላዳነም፤ ተራበ፣ ታመመ፣ ጠበቀ፣ ያ ብቻ ነው። ሰውየው ማታ ቤቱ የሚገባበት ምክንያት አገኘ። ከተሻለው በኋላ ድመቱን ወደ መጣበት ሊለቀው ቢሞክር እንኳ እየተከተለው መጣ፤ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ዘሎ ገብቶ አብሮት ከተማ ወረደ።

የከነከነኝ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቦወን ድመቱን ይዞ ኮቨንት ጋርደን በተጫወተበት በመጀመሪያው ቀን፣ ገቢው ከወትሮው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ዘወር ብለው የማያዩት ሰዎች ቆመው ስሙን ጠየቁት፤ ለድመቱ ምግብና የአንገት ልብስ አመጡ። ሰውየው ያው ሰው፣ ጊታሩም ያው ጊታር ነው! ጸሐፊው ይህን የሚተርከው በምስጋና ነው። ከድመቱ በፊት እንደማይታይ ሰው እንደነበረ ይነግረናል፤ ግን ቁስሉን ነካ አድርጎ ቶሎ ያልፋል። እኔ እዚያው ላይ ቀረሁ። በሌሊት ቢሮ ያጸዳ፣ በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ሆኖ ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ያ አሻግሮ የሚያይ ዓይን ምን እንደሆነ ያውቀዋል። እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም።

ለነገሩ ለአላፊ አግዳሚውም አንድ መከራከሪያ አላጣለትም። የለንደን ሰው ባዳን ማናገር እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። ድመቱ ፈቃድ ሆነለት። አፉን የሚከፍትበት ሰበብ ያጣ ደግ ሰውም በመካከሉ ነበር ማለት ነው። ቦወን ኋላ ኤንጅል በተባለው የምድር ባቡር ጣቢያ በራፍ «ቢግ ኢሹ»ን፣ ማለትም ቤት የሌላቸው ሰዎች ገዝተው አትርፈው የሚሸጡትን መጽሔት ሲሸጥ፣ ደንበኞቹ ለድመቱ ሲሉ መጥተው ከእሱ ጋር ወዳጅ ሆነዋል።

ስለ አጻጻፉ ብዙ የምለው የለኝም። ቋንቋው ቀላል ነው፤ አንዳንዴም አንድ ሐሳብ ሦስት ጊዜ ይመጣል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን ዲሬክተሩ ሮጀር ስፖቲስዉድ ነው። ቀደም ሲል በ1989 ቶም ሃንክስን ከውሻ ጋር ያሠራው እሱ ነበርና ለእንስሳት እንግዳ አይደለም። ሉክ ትሬዳዌይ ቦወንን ሆኖ ሲጫወት፣ ቦብን በአብዛኛው የተጫወተው ራሱ ቦብ ነው። ካሜራው አልፎ አልፎ ከድመቱ ዓይን ከፍታ ሆኖ ያያል፤ ያ ግሩም ነው። ሱሱን ሲተው የሚሰቃይበት ትዕይንትም አልተሞረደም። የቀረው ግን ማር ተቀብቷል። የፍቅር ታሪክ ተጨምሮበታል፤ ድመቱንም ጠበል አስመስሎታል፤ የነካው ሁሉ ይፈወሳል። መጽሐፉ ውስጥ ድመቱ ኤንጅል አጠገብ ከውሻ ሸሽቶ ሲጠፋ፣ ሰውየው ከተማውን ሲያስስ ያለው ፍርሃት ከፊልሙ ሁሉ ይበልጥብኛል። ፍቅራቸው የሚታወቀው እዚያ፣ ሊያጣው ሲል ነው፤ አጨብጫቢም የለም።

ቦብ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ቦወን መጽሔት ይሸጥበት ከነበረው ጣቢያ ጥቂት ርምጃ ዕልፍ ብሎ ኢዝሊንግተን ግሪን በተባለው መናፈሻ የነሐስ ሐውልት ቆመለት። ሐውልቱ የድመቱ ነው፤ ሰውየው የለበትም።

መጽሐፉን እንዲያነቡት እመክራለሁ፤ እንግሊዝኛው ለማንም አይከብድም። ፊልሙን ከልጆች ጋር ለማየት ካሰቡ ግን የሱሱ ትዕይንቶች ከበድ ስለሚሉ፣ መጀመሪያ ብቻዎን ቢያዩት ይሻላል።