ጊዜውን ከየት አመጣው? መንግሥቱ ለማ በማስተማር፣ በጉዞና በቤተሰብ መካከል

«ያላቻ ጋብቻ»ን ያነበበ ሰው ባሕሩን አይረሳውም። የትልቅ ሰው ዘር ነው፣ ተምሯል፤ ከተማ ቢቀመጥ ሹመቱም ድሎቱም አይቀርበትም ነበር። እሱ ግን ገጠር ወርዶ ትምህርት ቤት ይይዛል። ይባስ ብሎ ቤቱን የምታሰናዳለትን ሠራተኛ ላግባ ይላል። አክስቱ ወይዘሮ አልጋነሽ ደግሞ የዘሩን ክብር አንግበው ይመጡበታል። መንግሥቱ ለማ ይህን ኮሜዲ የጠነሰሰው በሦስት ነገሮች ነው፤ በማስተማር፣ ከኖሩበት ርቆ በመሄድና በቤተሰብ። የደራሲው የራሱ ዕድሜም ያለቀው በነዚሁ በሦስቱ መካከል ነው።

ስለ ደራስያን ሲጻፍ «ሥራውንና ኑሮውን እንዴት አመጣጠነ?» ብሎ መጠየቅ ተለምዷል። ጥያቄው ሚዛኑን ተሸክሞ ይመጣል። በአንዱ ሳህን ድርሰቱ፣ በሌላው ደመወዙ፣ መንገዱና ቤቱ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲከብድ ሌላው ይቀልላል። ይህ ሚዛን ለመንግሥቱ ለማ አይሠራም ባይ ነኝ። ከሥራ ሰዓቱ ሰርቆ አልጻፈም ማለቴ አይደለም፤ ሳይሰርቅ የጻፈ ማን አለ? የምለው፣ ክፍሉም መንገዱም አባቱም ጊዜውን የበሉበትን ያህል ነገርና ቋንቋ አቀብለውታል ነው። ዕዳው ግን አልቀረም። የተከፈለው እኛ በማናይበት በኩል ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ነገሩ ከእሱ በፊት የጀመረ ነው። ለዘመናዊ ቴአትራችን በር የከፈቱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሩሲያ ተወስደው የተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ቴአትር እንጀራቸው ሆኖ አያውቅም። «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት የጻፈው ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ከመንግሥት ሥራ ጋር ነው የጻፈው። ዮፍታሔ ንጉሤ ደግሞ መምህር ነበር፤ ተውኔቱን የሚጫወቱለት ተማሪዎቹ ነበሩ። ማንበብ የሚችል፣ ግጥም በቃሉ የሚይዝ፣ ሰብሰብ ሲባል የሚሰበሰብ ወጣት ያኔ ከትምህርት ቤት ሌላ የት ይገኛል? ለእነዚያ ሰዎች መምህርነት ከድርሰት የሚያስቀር ሥራ አልነበረም። መድረኩ ራሱ ትምህርት ቤት ነበር። የጥንቱ ተውኔታችን መዝሙር የሚበዛበትና ምክር የሚጫነው መሆኑ ከደራሲዎቹ ጠባይ ይልቅ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ብዙ ተማሪ ያለው መምህር ለሁሉም የሚሆን ድርሻ መፈለጉ አይቀርም፤ የሚታየው ሰልፍ እንጂ ጓዳ አይሆንም።

መንግሥቱ ጓዳውን አመጣ። እንዴት እንዳመጣው ለማየት ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ጋር አጠጋግቶ ማየት ይበጃል። ጸጋዬ በለንደኑ ሮያል ኮርትና በፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትርን ሥራ አይቶ ከተመለሰ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኃላፊ ሆኖ ዓመታት ሠርቷል። አዳራሽ ነበረው፣ ተዋናይ ነበረው። ስለዚህ ቃሉ ለጉሮሮ የተጻፈ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲነበብ አንዳንዴ ይከብዳል፣ በተዋናይ ትንፋሽ ግን ይነሣል። መንግሥቱ ለማ በአብዛኛው የነበረው ጠረጴዛ ነው፤ የተማሪ፣ የዲፕሎማት፣ የመምህር ጠረጴዛ። ተውኔቶቹም ቤት ቁጭ ተብሎ ሲነበቡ እንኳ ያስቃሉ። ይህ የተሰጥኦ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ደመወዝ የበሉበት ወንበር ያመጣው ልዩነትም ነው።

በወጣትነቱ የተማረው ለንደን ነው። የበርናርድ ሾው ጥላ በኮሜዲዎቹ ላይ እንዳረፈ ተቺዎች ደጋግመው ተናግረዋል፤ አልከራከርም። ጋብቻን የሐሳብ መፋለሚያ ማድረግ የሾው መንገድ ነው። ቀጥሎ በኒው ዴልሂ ኤምባሲያችን በዲፕሎማትነት ዓመታት አሳልፏል። «ጠልፎ በኪሴ»ና «ያላቻ ጋብቻ» ሁለቱም የ1950ዎቹ አጋማሽ ፍሬዎች ናቸው፤ የዴልሂውን ኑሮ ተከትለው የመጡ። ዓመታትን በባዕድ አገር የኖረ ሰው ስለ ባዕድ አገር ይጽፋል ብለን ብንጠብቅ የምናገኘው የአዲስ አበባን ጎረምሶች ነው፤ ከተማሩ በኋላ የጠለፋ ጋብቻ የሚያምራቸው። ሩቅ ሆኖ ያሰበው ስለ ቤቱ ነው። አማርኛ በመንገድ ላይ በማይሰማበት አገር ውሎ የሚያድር ሰው ቋንቋውን በጆሮው ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ እዚያ የቀረው ደግሞ የጋዜጣ አማርኛ አይሆንም፣ የእናት፣ የአባትና የሰፈር አማርኛ እንጂ።

«ባሻ አሸብር በአሜሪካ» የተባለውን ግጥሙን ለዚህ ምስክር አድርጌ እጠራለሁ፤ ተውኔት ባይሆንም ከተውኔት አይርቅም። የአሜሪካን የዘር አድልዎ እንዲያይልን ደራሲው የላከው እንደ ራሱ ያለ ተማሪ አይደለም። የላከው ባሻን ነው፤ ማዕረጉን የሚያውቅ፣ ሲንቁት የማይገባው፣ በአገሩ ወግ የሚናገር ጎልማሳ። ከአገር ወጥቶ የኖረው መንግሥቱ ነው፤ ያየው ግን በአባቶቹ ዓይን ነው። ጉዞና ቤተሰብ የተጣሉበት ቦታ የት አለ እዚህ ውስጥ?

አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ የቅኔ ሊቅ ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ያዩትንና የሰሙትን ከአንደበታቸው ተቀብሎ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ብሎ በ1959 ዓ.ም. አሳተመው። ይህን መጽሐፍ ብዙዎች ለታሪክ ምንጭነቱ ያነሡታል። እኔ የማነሣው የተውኔት ትምህርት ቤት አድርጌ ነው። ልጅ ከአባቱ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያወጋ ቃሉን ወደ መጽሐፍ አማርኛ አልመለሰውም። ጨዋታው እንዳለ ነው፤ ነገር ይቋረጣል፣ ወደ ሌላ ነገር ይዞራል፣ ይመለሳል፤ ሊቃውንቱና መኳንንቱ በየራሳቸው አነጋገር ይመጣሉ። ሰው ሲናገር እንዴት እንደሚናገር በትዕግሥት ያልሰማ ሰው ቃለ ተውኔት መጻፍ አይችልም። የወይዘሮ አልጋነሽ ንግግር ለምን እንደሚጣፍጥ የጠየቀ መልሱን ከሾው ዘንድ አያገኘውም፤ አባትና ልጅ ከተቀመጡበት ቤት እንጂ። ሽማግሌ አባትን ሲያዳምጡ የዋሉበት ቀን በማንኛውም ሚዛን ለ«ቤተሰብ» የተሰጠ ጊዜ ተብሎ ይመዘገባል። ለእሱ ግን የሥራ ቀን ነበር።

በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ አማርኛ ግጥም ስልት በእንግሊዝኛ ያወጣው ጽሑፍ ደግሞ ሌላውን ፊቱን ያሳያል። ገና የቴአትር መምህር ሳይባል መምህር ነበር፤ የሚሠራበትን መሣሪያ ፈትቶ ለሌላ ማሳየት ይወዳል። በ1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲከፈት ካስተማሩት አንዱ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ያረፈው በ1980 ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው የዕድሜው ክፍል የተማሪ ነው ማለት ይቻላል።

ክፍሉ ምን ሰጠው፣ ምንስ ወሰደበት? እዚህ ላይ ፍርዴ እንደ ላይኛው የተቆረጠ አይደለም። ከውጭ የመለሳቸው ሥራዎች የመምህር እጅ ያለባቸው ናቸው። «ዳንዴው ጨቡዴ» የቼኾቭ «ድብ» ነው፤ ባለ አንድ ገቢር፣ ሦስት ሰው የሚበቃው፣ ወንበርና ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ሁሉ ሊሠራበት የሚችል። ርዕሱ ብቻ አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል፤ የሩሲያው ድብ አማርኛ ሲናገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያስተምራል። በአንጻሩ እንደ «ጸረ ኮሎኒያሊስት» ባለው የኋለኛ ሥራው የ1950ዎቹ ሣቅ ሳስቶብኛል። ጥፋቱን በሙሉ በክፍሉ ላይ መጣል ግን አይገባም። ዘመኑ ራሱ ኮሜዲ የሚያስጽፍ አልነበረም፤ መድረክም የሚፈልገው ሌላ ነበር። ቢሆንም በየሳምንቱ የሌላውን ድርሰት የሚያርም ሰው የራሱን ሲጽፍ እጁ ቀይ እስክሪብቶውን አይለቅም፤ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ቼኾቭ ከተነሣ ላይቀር፣ «ድብ»ን በጻፈበት በ1888 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ ሕክምናን በሕግ ካገባት ሚስት፣ ሥነ ጽሑፍን ከውሽማ ጋር አመሳስሎ ይቀልዳል። አንዷ ስትሰለቸው ወደ ሌላዋ ይሄዳል። ቀልዱ ስለ ሁለት ሙያ ሲነገር ይኖራል። ቤቱን ማን እንደያዘለት ግን ቀልዱ ውስጥ የለም። ከተማሪነቱ ጀምሮ ወላጆቹንና ወንድሞቹን በብዕሩ አብልቷል፣ እውነት ነው፤ በሜሊኾቮ ርስቱን የምታስተዳድርለት ግን ራሷ መምህርት የነበረች እህቱ ማሪያ ነበረች። እሷም ታስተምራለች፣ ትመላለሳለች፣ ቤት ትይዛለች። ተውኔቱን የጻፈው እሱ ነው።

ዕዳው በማናየው በኩል ተከፈለ ያልኩት ይህን ነው። ስለ መንግሥቱ ለማ በተጻፈው ሂስ ውስጥ አባት ገጾች ይዘዋል፤ እኔም ከዚህ በላይ ያደረግሁት ያንኑ ነው። ደራሲው ሲጽፍ ቤቱን ዝም ያሰኘለት፣ ከአገር ሲወጣ ጓዝ የሸከፈ፣ ሲመለስ የፈታ ሰው በትንተናችን ውስጥ መስመር አላገኘም። የአባት ጨዋታ ምንጭ ተብሎ ይጠቀሳል፤ የጓዳው ድካም ምንጭ አይባልም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የአባት ቃል ተጽፏል፣ ያኛው አልተጻፈም።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን እዚህ ላይ የማነሣው ሚዛኑን ሴት ስትይዘው ምን እንደሚመስል ስለሚያሳዩ ነው። በስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፣ ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱትን ድራማ ጻፉ፣ በ1942 «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ፣ በኋላም በምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ማስተማሩ አለ፣ ጉዞው አለ፣ መንግሥቱን የሠሩት ነገሮች ሁሉ አሉ። ስማቸው በጸሐፌ ተውኔትነት ሲነሣ ግን የምንሰማው ከስንት አንዴ ነው። የትምህርት ቤት ድራማ ብለን የቴአትር ታሪካችን ግርጌ ላይ አስቀመጥነው፤ የዮፍታሔም የትምህርት ቤት ድራማ እንደነበር ረስተን።

ወደ ባሕሩ ልመለስ። «ያላቻ ጋብቻ»ን ባነበብኩ ቁጥር ሣቄ ካለፈ በኋላ አንድ ተራ ጥያቄ ይቀርብኛል። መምህሩ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል፣ ማታ አክስቱን ይሟገታል፣ ስለ እኩልነት አምርሮ ይናገራል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ያገኘው ምድጃው ዘንድ ሌላ ሰው ስላለ ነው። ያቺ ሰው እመቤት ከሆነች በኋላ እሳቱን ማን ያነዳል?