ስለ ግዑዝ ሥዕል ብርሃንና ስለ መንዝ መሶብ

ፍራንሲስኮ ደ ሱርባራን የተባለው የእስፓኝ ሠዓሊ በ1633 እ.ኤ.አ. በሣለውና ዛሬ በካሊፎርኒያ በኖርተን ሳይመን ቤተ መዘክር በሚገኘው ሥዕል፣ በአንድ ገበታ ላይ ሎሚዎች፣ ብርቱካኖች ከነአበባቸው፣ እንዲሁም ውሃ የያዘ ሲኒ ከአንድ ጽጌረዳ ጋር ተደርድረዋል። ብርሃኑ ከግራ ይመጣል፤ ከኋላ ያለው ጥቁር ነው። ብዙ ተንታኞች ውሃውንና ጽጌረዳውን የድንግል ማርያም ንጽሕና ምሳሌ አድርገው ይተረጕሟቸዋል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም ለሰማ ተማሪ ይህ ትርጓሜ እንግዳ አይሆንበትም።

ብርሃኑም እንግዳ አይደለም። በመንዝና በግሼ ደጋ፣ በድንጋይ ተሠርቶ በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ውስጥ፣ የቀን ብርሃን ይበልጡን የሚገባው በበሩ ነው፤ የመሶቡን አንድ ወገን አብርቶ ሌላውን በጨለማ ይተወዋል። እንግዲህ ምሳሌውም ብርሃኑም በቤታችን ካሉ፣ የምግብ ሥዕል በጥንቱ የሥዕል ሥራችን ራሱን ችሎ ያልቆመው ስለ ምንድን ነው?

የእጅ ጥበብ ማነስ ነው የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በ18ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ፊትንና ልብስን በቀለም ማድመቅና ማደብዘዝ ያውቁ ነበር። ሆኖም በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ላይ ያለው ኅብስት ከመስኮት ብርሃን አይፈልግም፤ የሚታየውም ከሚባርከውና ከሚቀበሉት ጋር ነው።

የቤት ልማዳችንም ይህንኑ ያጸናል። ከአክርማና ከስንደዶ የተሰፋው መሶብ ክዳን አለው፤ የሚከፈተውም በላተኛው ሲሰበሰብ ነው። ምግብን ለባዕድ ዓይን ገልጦ መተው ነውር ነው፤ የቡዳ ሥጋትም አለበት። የሱርባራን ገበታ ግን በላተኛ የሌለበት፣ ለዓይን ብቻ የተገለጠ ማዕድ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። እንደ ቪለም ሄዳ ያሉ የሆላንድ ሠዓሊዎች በተበላ ገበታ ላይ የተጋደመ ጽዋ ሲሥሉ፣ ለጠገበው ነጋዴ ሁሉም አላፊ መሆኑን ያሳስቡት ነበር። ገብሱን ውርጭ የሚመታበት፣ የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ ያየ የመንዝ ገበሬ ግን ይህን ትምህርት ከሥዕል አይጠብቅም። ለእርሱ የሞላ መሶብ የተስፋ ምልክት እንጂ የከንቱነት አይደለም።

ስለዚህ የእኛ ሠዓሊ የሱርባራንን ብርሃን ቢወስድ አንነቅፈውም፤ ትርጕሙን ሳይመረምር ገበታውን እንዳለ ቢቀዳ ግን እንነቅፈዋለን። በበር በሚገባው ብርሃን ክዳኑ ገና ያልተነሣ መሶብ ቢሥል፣ ሊሰበሰቡ ያሉትን ሰዎች ባይሥላቸውም እንድናስባቸው ያደርገናል። ለግዑዝ ሥዕላችን የምናቀርበውም ጥያቄ ይኸው ነው፤ ምግቡ የማንን መምጣት ይጠብቃል?