ጎተራው የማን ነው?
ስለ ቁጠባ ትምህርትና ስለ ድኻ ቤት የቀረበ ሒስ

ስለ ቁጠባ የሚሰጠው ትምህርት በአገራችን አዲስ አይደለም። በስብከት፥ በልጆች የንባብ መጽሐፍ፥ በራዲዮ የቤት አያያዝ ምክር፥ በባንክ ማስታወቂያም ሳይቀር አንድ ዐይነት ቃል ይሰማል፤ ይኸውም በደኅናው ቀን ያስቀመጠ በክፉ ቀን አይቸገርም የሚል ነው። ቃሉ እውነት ስለ ሆነ የሚቃወመው የለም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ቁጠባን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ልንመረምረው የምንፈልገው ከቃሉ ሥር ተሸሽጎ የሚመጣውን ሌላ አሳብ ነው። እርሱም የተቸገረ ሰው ሁሉ ሳያስቀምጥ የቀረ ሰው ነው፤ ሳያስቀምጥ የቀረውም ሰነፍ ወይም አባካኝ ስለ ሆነ ነው የሚለው ፍርድ ነው። ይህ ፍርድ ከድኻ ቤት ኑሮ ጋራ ይስማማ እንደ ሆነ ለማየት፥ በመጀመሪያ ትምህርቱ የሚደገፍባቸውን ሁለት የታወቁ ትረካዎች፥ ቀጥሎም የቤቱን ሁኔታ ራሱን እንመለከታለን።

የመጀመሪያው ትረካ የጉንዳን ተረት ነው። ከጥንታዊው ግሪካዊ ከኤዞፕ ስም ጋራ ተያይዞ የቆየው ይህ ተረት፥ ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን በ1668 እ.ኤ.አ. በግጥም ካሳተመው ወዲህ በብዙ አገር ትምህርት ቤት ገብቷል። በሙቀቱ ወራት ስትዘፍን የከረመችው ነፍሳት ብርዱ ሲመጣ የምትበላው አጥታ ወደ ጎረቤቷ ወደ ጉንዳን ትሄዳለች፤ ጉንዳንም በነገር ወግታ ባዶ እጇን ትመልሳታለች። መምህሩ ከዚህ ላይ «ልጆች፥ እንደ ጉንዳን ሁኑ» ብሎ መጽሐፉን ያጥፋል።

እኛ ግን መጽሐፉ ከመታጠፉ በፊት ሁለት ነገር እንድናስተውል ያስፈልጋል። አንደኛ፥ በተረቱ ውስጥ እህሉ በሜዳ ተበትኖ ለለቀመ ሁሉ የሚገኝ ነው። መሬቱ የሌላ አይደለም፤ የቤት ኪራይ የለም፤ የከረመ ዕዳ የለም፤ ሁለቱም እኩል ሜዳና እኩል ወራት ተሰጥቷቸዋል። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ የልዩነት ምክንያት ጠባይ ብቻ ቢሆን አያስደንቅም፤ ደራሲው ሌላውን ምክንያት ሁሉ አስቀድሞ አውጥቶታልና። ሁለተኛ፥ በላ ፎንቴን ግጥም የተቸገረችው ምጽዋት አልለመነችም፤ ዋናውን ከነወለዱ ልትከፍል ብድር ጠየቀች እንጂ። ስለዚህ ተረቱ ስለ ስንፍና ብቻ ሳይሆን፥ ጥሪት የሌለው ሰው ብድር ሲጠይቅ ስለሚያገኘው መልስም የሚናገር ነው። ይህን ሁለተኛውን ፍች በክፍል ውስጥ የሚያስተምር ብዙ የለም።

ሁለተኛው ትረካ በአገራችን ይልቁን የታወቀው የዮሴፍ ታሪክ ነው። ፈርዖን ሰባት የሰቡና ሰባት የከሱ ላሞች በሕልሙ አየ፤ ዮሴፍም ሕልሙን ፈትቶ በጥጋቡ ዘመን ከምርቱ አምስተኛው እጅ እንዲከማች መከረ። ይህ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ተጽፎ የምናገኘው ነው። ምክሩ ጥበብ ያለበት፥ የብዙ ሰው ነፍስም ያዳነ ለመሆኑ አንጠራጠርም። የቁጠባ አስተማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ በዚሁ ምዕራፍ ይቆማሉ። ወደ ምዕራፍ 47 ያለፈ አንባቢ ሌላ ነገር ያገኛል።

እህሉ የተከማቸው በገበሬው ቤት አልነበረም፤ በፈርዖን እጅ፥ በከተሞች ነበር እንጂ። ረኃቡ በመጣ ጊዜ ጎተራው ተከፈተ፤ እህሉ ግን ለዚያው ላመረተው ሕዝብ ተሸጠለት። ሕዝቡም በመጀመሪያ ብሩን ሰጠ፤ ብሩ ሲያልቅ ከብቱን ሰጠ፤ ከብቱ ሲያልቅ መሬቱንና ራሱን ሰጥቶ የፈርዖን ባሪያ ሆነ። መሬታቸው ያልተሸጠ ካህናቱ ብቻ ነበሩ፤ እነርሱ ከፈርዖን ድርጎ ነበራቸውና። በመጨረሻም ዘር ተሰጥቶት፥ ከሚያመርተው አምስተኛውን እጅ ለፈርዖን እንዲገብር ሥርዐት ተደረገበት። የሚያስገርመው ሕዝቡ ስለ ዳነ ማመስገኑ ነው። ትረካው ይህን ሁሉ ሳይሸሽግ በቅደም ተከተል መናገሩ ለጸሐፊው ታላቅ ክብር ነው። ጉድለቱ ያለው በእኛ አነባበብ ላይ ነው፤ «ማከማቸት ያድናል» የሚለውን ወስደን «ጎተራው የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ትተነዋልና።

ይህን ጥያቄ ይዘን አሁን ከመጽሐፍ ወደ ቤት እንግባ። በአዲስ አበባ የሚኖር ደኅና ደመወዝ ያለው ቤተ ሰብ ጤፉን በኩንታል ይገዛል። የሚቻለው ከሆነም አዝመራው ገብቶ ዋጋው በሚረግብበት በጥርና በየካቲት ይገዛና ዋጋው የሚወደድበትን ክረምት ያለ አሳብ ያልፋል። እህሉን በቤቱ አስለቅሞ ወፍጮ ቤት ያስፈጫል፤ በራሱ ምጣድ ያስጋግራል። በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት የምትኖር፥ በቀን ሥራ የምትተዳደር እናት ግን እንጀራውን በቁጥር፥ ዘይቱን በትንሽ መስፈሪያ፥ ሽንኩርቱን ከጉልት በመደብ ትገዛለች። በእያንዳንዱ እንጀራ ላይ የጋጋሪዋን ድካም፥ የእሳቱን ዋጋና የቸርቻሪውን ትርፍ ትከፍላለች።

ነገሩን በአኀዝ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በኩንታል የገዛው ቤት በአንድ ኪሎ 10 ብር ብቻ ይቀንስለታል ብለን እናስብ። አንዱ ኩንታል 100 ኪሎ ስለ ሆነ ሙሉውን በልቶ ሲጨርስ 1,000 ብር ተርፎታል። ያን 1,000 ብር ለማትረፍ ግን የሙሉውን ኩንታል ዋጋ በአንድ ቀን መክፈል ነበረበት። እናቲቱ ይህን ሒሳብ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ከማንም ይልቅ አጥርታ ታውቀዋለች። የቀን ሙያተኛ ዋጋ የሚመጣው ግን በቀን በቀኑ ነው፤ የአንድ ቀን ዋጋ አንድ ኩንታል አይገዛም። እንግዲህ ቁጠባ ራሱ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ነው ማለት ነው፤ መግዣው ያላጠረው ብቻ ይገዛዋል። ዴቪድ ካፕሎቪትስ የተባለው አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ፥ በኒው ዮርክ የሚኖሩ ድኾች የቤት ዕቃ በዱቤ ሲገዙ ከሌላው የበለጠ እንደሚከፍሉ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ አሳይቶ ነበር። አገሩና ዕቃው ቢለያይም ሕጉ አንድ ነው።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ኩንታሉ ከእርጥበት የራቀ፥ አይጥ የማይደርስበት፥ የሚቈለፍ ቦታ ይፈልጋል። ጣሪያው በሚያፈስ፥ አልጋና ምድጃ በአንድነት በሚገኙበት ክፍል ውስጥ ይህ ቦታ የት ነው? ደግሞም የግድግዳው ወዲያ ማዶ የጎረቤት ልጅ በራብ ሲያለቅስ እየሰሙ ከረጢት አሥሮ መቀመጥ በአገራችን ልማድ ነውር ነው። ያከማቸ ሁሉ የተጠየቀውን ለመስጠት ግዴታ አለበት፤ በድኻ ሰፈር ደግሞ የሚጠይቀው ብዙ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ ይህ ልዩነት በግልጥ ታየ። ከቤት አትውጡ የሚለው ምክር ለጤና ትክክለኛ ነበር፤ ነገር ግን ምክሩ በየቤቱ የሚበላ ነገር እንደ ተቀመጠ አድርጎ የሚናገር ነበር። ያለው ዱቄቱንና ዘይቱን አስገብቶ በሩን ዘጋ፤ ጥዋት ካልወጣ ማታ የማይበላው ሰው ግን ከበሽታውና ከረኃቡ አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ።

ወደ ገጠር ብንሄድ ማከማቸትን የሚያስተምረው ሰው ገበሬውን ከሚያስተምረው ይልቅ ከገበሬው የሚማረው ይበዛል። ከቤት ውጭ የሚቆመው ጎተራ፥ በጭቃ ተመርጎ በቤት ውስጥ የሚቀመጠው ጎታ፥ በሐረርጌ ማሽላ የሚቀበርበት ጉድጓድ የብዙ ዘመን ዕውቀት ውጤቶች ናቸው። ጤፍ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ ስለማይደፍረው ዓመታት እንደሚቆይ፥ በቆሎ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚነቅዝ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ድኻው ገበሬ እህሉን በርካሹ ወራት ሸጦ በውዱ ወራት መልሶ የሚገዛው ስለ ምንድን ነው? የማዳበሪያው ዕዳና ግብሩ የሚጠየቀው፥ አራጣ አበዳሪውም በር የሚያንኳኳው አዝመራው በገባ ማግስት ስለ ሆነ ነው። ጎተራ አላጣም፤ እህሉን በጎተራው ለማቆየት የሚያስችል ጊዜ አጣ እንጂ። አየር የማያስገባና ነቀዙን አፍኖ የሚገድል ድርብ ከረጢት ዛሬ በገበያ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ከተራው ጆንያ የበለጠ ስለ ሆነ እንደገና ቀድሞ ጥቂት ያለውን ሰው የሚጠቅም ይሆናል።

እንሰት በሚተከልበት አገርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እንሰት በጓሮ የቆመ ጎተራ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ነገር ግን ተክሉ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ብዙ እንሰት ያለው ቤት የደረሰውን እየቈረጠ ለጋውን ያሳድጋል፤ ጥቂት ያለው ግን ችግር ሲጠናበት ለጋውን ይቈርጣል፤ ከለጋውም የሚያገኘው ጥቂት ነው። በዚህ ዐይነት የዛሬው ረኃብ የነገውን ጎተራ ይበላዋል።

ከሁሉ የከፋው ምስክር ግን በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ስለ ድኽነትና ስለ ረኃብ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረኃብ መርምሮ፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው ብዙ እንዳልጨመረ፥ ከወሎም ወደ ሌላ አገር የወጣ እህል እንደ ነበረ አስረድቷል። እህል ከገበያ ጨርሶ ስለ ጠፋ ሳይሆን፥ ምርቱ የጠፋበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር የሚገዛበት ስላልነበረው ሞተ። በዚያ ጊዜ ጎተራ ነበር፤ የሟቾቹ ግን አልነበረም።

ይህን ስንል «ድኻው በድግሱ፥ በተዝካሩ፥ በቡናው ያባክናል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። ከዐቅም በላይ የሆነ ድግስ ቤት እንደሚያፈርስ አንክድም። ነገር ግን የድኻውን ቤት በቅርብ የተመለከተ ሰው የሚያየው ብክነት ሳይሆን የቁጠባን ጥግ ነው። የተረፈው እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ሽሮው ይቀጥናል፤ የአቦሉ ቡና ሳይደፋ ቶናና በረካ ይወርድበታል። ከሆቴሎች ገበታ የተረፈውም ምግብ «ቡሌ» ተብሎ ሲሸጥ የሚገዛው ሰው አለ። ከዚህ ወዲያ ምን እንዲቈጥብ ይመከራል? ዕቁቡም በቤት ሊቀመጥ የማይችለውን ገንዘብ በሰው ዘንድ የሚያስቀምጥበት ዘዴው ነው፤ ዕድሩም የሐዘን ቀን ጎተራው ነው። ወደ ለቅሶና ወደ ድግስ መሄዱን ብክነት የምንለው፥ በክፉ ቀን ደጁን የሚያንኳኳበት ሌላ ቤት ያለው ይመስል ነው።

በእኛ አስተያየት እንግዲህ የቁጠባ ትምህርት መቅረት የለበትም፤ መታረም ግን አለበት። ምክሩን የሚጽፍ ሰው ከመጻፉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ይህን ለመፈጸም በአንድ ጊዜ ስንት ብር ያስፈልጋል? የት ይቀመጣል? ከዕዳ የሚጠብቀውስ ማን ነው? እነዚህን ያልመለሰ ምክር ያለውን ሰው ያስመሰግናል፥ የሌለውን ያሳፍራል፤ ለማንም አይጠቅምም። መልሱ በአንድ ቤት ዐቅም የማይገኝ ከሆነ በኅብረት ይፈለግ። ጎረቤቶች ገንዘባቸውን አዋጥተው ኩንታሉን በአንድነት ቢገዙ፥ የሸማቾች ማኅበራት በኪሎ ለሚገዛው በኩንታሉ ሒሳብ ቢሸጡ፥ ገበሬውም እህሉን በመያዣነት አስቀምጦ ዕዳውን የሚከፍልበት ብድር ቢያገኝ፥ ቁጠባ ለድኻው ከስብከት ወደ ሥራ ይወርድለታል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም፥ የተቸገረ ቤተ ሰብ በክፉው ወራት በሬውንና ዘሩን ሳይሸጥ እንዲያልፍ ማሰቡ በዚህ ረገድ ትክክለኛውን ጥያቄ የያዘ ነበር፤ ጥሪት የሌለውን ቈጥብ ከማለት አስቀድሞ ያለችውን ጥሪት መጠበቅ ይገባልና።

እኛ ተማሪዎች ይህን የምንጽፈው ከደወሉ በኋላ ሌላ ሰው ያበሰለው ገበታ ላይ የምንቀርብ፥ ዛሬ ምን እበላለሁ የሚል አሳብ ጥናታችንን የማያቋርጥብን ሰዎች ሆነን ነው። ነገ ግን ከመካከላችን ብዙዎቻችን መምህራን፥ የቤት አያያዝና የእርሻ መካሪዎች፥ የመሥሪያ ቤት ሹሞች እንሆናለን፤ የጉንዳንንና የዮሴፍንም ታሪክ ለሌሎች እናነባለን። በዚያን ጊዜ ምዕራፍ 41ን ስናነብ ምዕራፍ 47ን እንዳንዘል አደራ እንላለን።